እጅ የሚደርስበት፣ ምት የማይደርስበት

ሦስቱ ደቂቃ አልቋል። በወፍራም ፖሊካርቦኔት በታጠረው የውጊያ ሜዳ ውስጥ ሁለት ሮቦቶች ቆመዋል። አንደኛው በጀርባው ተገልብጧል፤ ሌላኛው አንድ ጎማው ተነቅሎ በጎኑ ወለሉ ላይ ተደፍቷል። ተመልካቹ ያጨበጭባል፣ ያፏጫል። በሩ ግን አልተከፈተም። የተገለበጠው ሮቦት ምላጭ ገና እየዞረ ስለሆነ ድምፁ ከፉጨት ወደ ማጉረምረም ወርዶ ጸጥ እስኪል ይጠበቃል። ሲፈቀድ ከየቡድኑ አንድ አንድ ሰው ይገባል። ወፍራም ጓንት ለብሷል፣ የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጓል፣ በአንድ እጁ ምላጩ እንዳይዞር የሚያግደውን የመሣሪያ ማገጃ ብረት ይዟል። ጓደኛው ከአጥሩ ውጭ ሪሞቱን ሳያጠፋ፣ ጣቱን ከመቆጣጠሪያዎቹ ላይ አንስቶ ይጠብቃል። የገባው ሰው ከምላጩ አቅጣጫ ዞር ብሎ በሮቦቱ ኋላ በኩል ይንበረከካል። ሁለት ጣቱን በትጥቁ ላይ በተከፈተ ጠባብ ቀዳዳ ያስገባና አውራ ጣት የሚያህል ቢጫ ስፒና መዝዞ ያወጣል። ሮቦቱ ላይ ትበራ የነበረች ትንሽ መብራት ትጠፋለች። ሌላ ሰው ወደ ማሽኑ መቅረብ የሚችለው ከዚያ በኋላ ነው።

ያ ስፒና በእንግሊዝ አገር ተዋጊ ሮቦት የሚሠሩ ሰዎች ሊንክ የሚሉት ነው። ስለ እነዚህ ማሽኖች ሲወራ ሰው የሚያነሳው ምላጩን፣ ሞተሩን፣ የእሳት ፍንጣሪውንና ወደ ላይ የተወረወረውን ገላ ነው። እኔ ግን አንድን ሮቦት ለመመዘን ስፈልግ መጀመሪያ የማየው ሊንኩ የት እንዳለ ነው። ሠሪው ስለ ገዛ እጁ፣ ስለ ጓደኛው እጅና ስለ ተጋጣሚው ብረት ምን ያህል አስቦ እንደተነሳ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነውና።

አሠራሩ የተወሳሰበ አይደለም። ከባትሪው የሚወጣው የፖዘቲቭ ሽቦ ተቆርጦ ሁለቱ ጫፎች ከአንድ ሶኬት ጋር ይያያዛሉ። ሊንኩ የዚያ ሶኬት ተጓዳኝ ስፒና ሲሆን ሁለቱ እግሮቹ በአጭርና ወፍራም ሽቦ በስታኞ ተገናኝተዋል። ሲሰካ የተቆረጠው ሽቦ ይቀጥላል፤ ሲነቀል ይቋረጣል። በትንንሽና በመካከለኛ ሮቦቶች ላይ በብዛት የሚታየው በሞዴል አውሮፕላን ሠሪዎች ዘንድ የተለመደው ኤክስቲ 60 የተባለው ቢጫ ማገናኛ ነው፤ ስሙ እንደሚያመለክተው ለ60 አምፔር የተሠራ ነው። ከፍ ላለ ጉልበት ኤክስቲ 90 ወይም ለከባድ ባትሪዎች የሚያገለግሉት የአንደርሰን ማገናኛዎች ይመረጣሉ።

ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ለምን አይበቃም? ብዙ አምፔር የሚያልፍበት ማብሪያ ሲከፈትና ሲዘጋ ውስጡ ብልጭታ ይነሳል፤ ብልጭታው በበረታ ቁጥር ሁለቱ የብረት ከንፈሮች እየቀለጡ መጨረሻ ላይ ሊጣበቁ ይችላሉ። እጀታው «ጠፍቷል» እያለ ውስጡ ግን በርቶ ይቀራል። ቤታችን ያለውን ብሬከር ስናወርድ መስመሩ መቋረጡን የምናምነው እጀታውን አይተን ነው፤ ውስጡን ከፍቶ ያየ የለም። ሊንክ ግን እምነት አይጠይቅም፤ የተቋረጠው ክፍል በዓይን ይታያል፣ የተነቀለው ቁራጭ እጅ ላይ ነው። ኪሱ ውስጥ ወይም አንገቱ ላይ ባለ ሪባን ይዞት ወደ ጠረጴዛው የሚመለስ ሰው፣ ጀርባውን ቢያዞርም ሌላ ሰው ማሽኑን ሊያስነሳበት አይችልም።

በአሜሪካ ብዙ ከባድ ሮቦቶች ሌላ መንገድ ይከተላሉ። በትጥቁ ላይ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ረጅም ብሩጎላ ገብቶ የሚዞር ጠንካራ ማብሪያ ይጠቀማሉ። ጥቅሙን መካድ አይቻልም። ቀዳዳው የጣት ስፋት አያስፈልገውም፣ ተጠብቆ የታሰረ ብሎን ደግሞ እንደ ስፒና ከምት ብዛት ዘሎ አይወጣም። እኔ ግን ሚዛኑ ወደ ሊንኩ ያደላል እላለሁ። ጭስ ባለበት፣ ቀዳዳው በተጣመመ ትጥቅ በተሸፈነበት ሰዓት ብሩጎላውን ከብሎኑ ራስ ጋር ማገጣጠም ሁለት ጣት አስገብቶ ከመሳብ ይከብዳል።

ውድድሩ ራሱ ብዙ ዕድሜ የለውም። ማርክ ቶርፕ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1994 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ፣ ፎርት ሜሰን በሚባለው ስፍራ «ሮቦት ዎርስ»ን ጀመረ። ስሙ ባሕር ተሻግሮ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በቢቢሲ ቴሌቪዥን የእንግሊዝ ቤተሰቦች መዝናኛ ሆነ። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ሎንግ ቢች ላይ «ባትልቦትስ» ተከተለ። ቴሌቪዥኑ ከዚያ በኋላ በሁለቱም አገር ደጋግሞ ጠፍቷል፣ ተመልሷል። እንግሊዝ ውስጥ ካሜራ በሌለበት ዓመትም ውድድሩን በስፖርት አዳራሾች ያቆዩት ራሳቸው ሠሪዎቹ ናቸው፤ ዛሬ የሚሠራበት የግንባታ ደንብም በእነሱ ማኅበር የተጻፈ ነው። የደንቡ መንፈስ ስለ ሊንክ ግልጽ ነው። ሮቦቱን መገልበጥ ሳያስፈልግ የሚደረስበት፣ ካቻቢቴ በሚፈልግ ክዳን ያልተዘጋ፣ ከመሣሪያውና ከሚንቀሳቀሱ ክፍሎች የራቀ ይሁን ይላል። ሊንኩ ሲሰካ የምትበራ መብራትም በገላው ላይ እንድትታይ ያዛል።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ለምን እንዳስፈለገ ቁጥር ቢነግረን ይሻላል። በእንግሊዝ የላባ ክብደት ከሚባለው፣ ጣሪያው 13.6 ኪሎ ከሆነው ምድብ አንድ ሮቦት እናስብ። 2 ኪሎ የሚመዝንና 30 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም የብረት ዘንግ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ያሽከረክራል እንበል። የዘንጉ ጫፍ በሰዓት ወደ 340 ኪሎ ሜትር ይከንፋል። የተሸከመው ጉልበት 3,000 ጁል ገደማ ነው፤ 100 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ከ3 ሜትር ከፍታ ወድቆ መሬት ሲመታ የሚኖረው ማለት ነው። ባትሪው ስድስት ሴል ያለውና 5 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ሊቲየም ፖሊመር ቢሆን፣ ሙሉ ሲሆን 25.2 ቮልት ሆኖ በውስጡ ወደ 400,000 ጁል ያጠራቅማል። ብክነቱን ሳንቆጥር፣ ያንን ዘንግ ከቆመበት አስነስቶ ሙሉ ፍጥነት ላይ ለማድረስ ከመቶ ጊዜ በላይ ይበቃዋል።

«ሪሞቱ አለ አይደለም ወይ?» ይባል ይሆናል። አለ። ደንቡም የሬዲዮ ግንኙነት ሲቋረጥ ሞተሩና መሣሪያው በራሳቸው እንዲቆሙ ያስገድዳል። ነገር ግን ይህ የሚሠራው የሞተሩ መቆጣጠሪያ ጤነኛ እስከሆነ ነው። ብሩሽ ያለው ሞተር በሚነዳ መቆጣጠሪያ ውስጥ ትራንዚስተሮቹ ሲቃጠሉ ብዙ ጊዜ ኤሌክትሪክ እያሳለፉ ነው የሚቀሩት፤ ያን ጊዜ ሞተሩ የማንንም ትእዛዝ ሳይሰማ በሙሉ ኃይሉ ይዞራል። ከውጊያ የወጣ ሮቦት ደግሞ ውስጡ ምን እንደደረሰበት ከውጭ አይታወቅም። ሽቦ ተልጦ፣ ሰርኪዩት ተሰንጥቆ፣ ብሎን ተነቅሎ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ እየተንከባለለ ሊሆን ይችላል። ሊንኩ የተፈጠረው ለዚህ ሰዓት ነው።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለሰው እጅ ቅርብ የሆነ ነገር ለጠላት ብረትም ቅርብ ነው። ሊንኩ ከተመታና ከወጣ ሮቦቱ በድን ይሆናል፤ አስር ይቆጠርበትና ይሸነፋል፣ ሌላው አካሉ ሁሉ ደህና ቢሆንም። ስለዚህ ሠሪው ሊንኩን ጥልቅ ቦታ ለመቅበር ይፈተናል፤ ደንቡ ደግሞ ወደ ላይ ይጎትተዋል። ሙያው ያለው በእነዚህ ሁለቱ መካከል ነው።

ጥሩ ሠሪ የሚጀምረው ማን እንደሚመታውና ከየት እንደሚመታው በማሰብ ነው። መዶሻና መጥረቢያ ከላይ ይወርዳሉ፤ ዒላማቸው የጣሪያው መካከል ነው። በአግድም የሚዞር ዘንግ ጎንንና ጎማን ይበላል። በቁም የሚዞር ዲስክ ወይም ከበሮ የፊት ጠርዝንና ማዕዘንን ይዞ ወደ ላይ ያነሳል፤ የተነሳው ደግሞ በጀርባው ይወድቃል። ገልባጭ ሮቦት የሚመታው የለም፣ ግን ወለሉን ራሱን መሣሪያ ያደርገዋል። እነዚህን ሁሉ ካሰላሰለ በኋላ የሚቀረው ቦታ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከጣሪያው የኋላ ሲሶ ላይ፣ ከመካከሉ መስመር ትንሽ ዞር ብሎ፣ ከመሣሪያው በተቃራኒ ያለው ስፍራ ያሸንፋል። እዚያ የሚንበረከክ ሰው ከምላጩ ዑደት ውጭ ነው፤ በጠብ ጊዜም ሮቦቱ ፊቱን ወደ ተጋጣሚው ስለሚያዞር ኋላው በአንጻሩ ይድናል።

ተገልብጦም መንዳት የሚችል ሮቦት ግን ይህ አይበቃውም። ማን ምን ሆኖ እንደሚያበቃ አይታወቅምና ውጊያው ሲያልቅ ጣሪያው ከታች ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለው ላይ አንዳንዶች ከላይ እስከ ታች የዘለቀ ቀዳዳ ከፍተው ሊንኩን መሐል ላይ ያቆሙታል፤ ከሁለቱም በኩል ጣት ይደርሰዋል። ሌሎች በኋላው ግድግዳ ላይ ያደርጉታል። የመጀመሪያው የበለጠ ይማርከኛል፣ ምንም እንኳ ሁለት ቀዳዳ ማለት ሁለት ደካማ ቦታ ማለት ቢሆንም። የኋላ ግድግዳ በአግድም ለሚዞር ዘንግ የተዘረጋ ገበታ ነው፤ ዞሮ የመጣ ተጋጣሚ አንዴ ካገኘው አይምረውም።

ቀዳዳው ራሱ መታሰብ አለበት። በላሜራ ላይ የተከፈተ ማንኛውም ክፍተት ጉልበቱን ይቀንሳል፤ ሹል ማዕዘን ካለው ስንጥቁ የሚነሳው ከዚያ ነው። ስለዚህ ማዕዘኖቹ ክብ ይደረጋሉ፣ ጠርዙም ምላጭ እንዳይዘው ይለሰልሳል። ሊንኩ ከትጥቁ ወለል በታች ይቀመጣል፤ በጣሪያው ላይ ተንሸራትቶ የሚያልፍ ብረት እንዳያገኘው። የሚጎተትበት ሽቦ ወደ ላይ እንደ ጆሮ የቆመ ከሆነ ተጋጣሚው በጥርሱ ይዞ ያወጣለታል። ሽቦው አጥሮ መታጠፍ፣ ለጣት መያዣም ተጣጥፎ የሚቀመጥ ቀጭን ሪባን መሆን ይገባዋል። ያ ሪባን ጣት ሲስበው የሚችል፣ ምላጭ ሲይዘው ግን ሊንኩን ሳያወጣ የሚበጠስ ቢሆን ደስ ይለኛል።

አሁን ደግሞ ማንም ሳይነካው እንዴት እንደሚወጣ እንይ፤ ጀማሪዎች የሚሸነፉት በዚህ ነውና። ከባድ ምት ሲያርፍ መላው ገላ ለሺህኛ ሰከንድ ያህል በመሬት ስበት አምስት መቶ እጥፍ ሊነቀነቅ ይችላል እንበል። ከነሽቦው 20 ግራም የሚመዝን ሊንክ በዚያች ቅጽበት 10 ኪሎ ያህል ሆኖ ራሱን ይጎትታል። የሚነቀልበት አቅጣጫና ምቱ የሚመጣበት አቅጣጫ አንድ ከሆኑ ዘሎ ይወጣል። ስለዚህ በቁም የሚዞር መሣሪያ ያለው ሮቦት፣ ምቱ ሁሉ ወደ ላይና ወደ ታች ስለሆነ፣ ሊንኩን ጋደም አድርጎ ቢሰካ ይጠቅመዋል። ከዚህ ሌላ ክዳኑ ውስጥ ጠበቅ ያለ ስፖንጅ ተደርጎ ሲዘጋ ሊንኩን ተጭኖ ይይዘዋል። ክዳኑ በጣት የሚገፋ የፖሊካርቦኔት ቁራጭ ሊሆን ይችላል፣ በቀዳዳው ልክ የተቆረጠ ላስቲክ ሊሆን ይችላል፤ በውጊያ ሰዓት ናስትሮ የሚለጥፉበትም አሉ። ዋናው ካቻቢቴ አለመፈለጉ ነው። ሶኬቱ ደግሞ በቀጥታ በብረቱ ላይ ባይታሰር ይመረጣል፤ በሦስት አቅጣጫ አታሚ ከሚሠራ ለስላሳ ቲፒዩ ፕላስቲክ የተበጀ መያዣ ንዝረቱን ይውጥለታል። ከሶኬቱ የሚወጡት ሽቦዎች ትንሽ ረዘም ብለው ካልተቀመጡ ስታኞው ይላቀቃል።

መላላት የሚያመጣው ሌላም ጣጣ አለ። 100 አምፔር አንድ ሺህኛ ኦም በሆነ ጥሩ ግንኙነት ሲያልፍ የሚባክነው 10 ዋት ብቻ ነው። ጥርሱ አርጅቶ ወይም ብልጭታ በልቶት መቋቋሙ አስር እጥፍ ቢያድግ 100 ዋት ይሆናል፤ ጣት በሚያህል ናይለን ውስጥ ያ ሙቀት ፕላስቲኩን አቅልጦ ሊንኩን ከሶኬቱ ጋር ያጣብቀዋል። ያን ጊዜ የሚነቀለው ነገር የማይነቀል ሆነ ማለት ነው። ብልጭታው የሚመጣው ሊንኩ በሚሰካበት ቅጽበት ባዶ የነበሩት የመቆጣጠሪያው ካፓሲተሮች በአንድ ጊዜ ሲሞሉ ነው። ለዚህ ተብሎ በውስጡ ትንሽ ሬዚስተር ያለበት የኤክስቲ 90 ዓይነት አለ። ከዚህም ጋር ሊንክን የሚያልቅ ዕቃ አድርጎ መቁጠር ይገባል፤ ርካሽ ስፒና ለማዳን ብሎ ያረጀውን ማስቀጠል ከንቱ ቁጠባ ነው።

ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። ሊንኩ ከተነቀለ በኋላም ከሶኬቱ ሁለት ዓይኖች አንደኛው ከባትሪው ጋር እንደተያያዘ ነው። ስለዚህ ሮቦቱ ላይ የሚቀረው ግማሽ ብረቱ ወደ ውስጥ የተቀበረ መሆን አለበት፤ የወጡ ጥርሶች ያሉት ግማሽ ተነቃዩ ይሁን። ይህ ተገላብጦ ከተሠራ ሹል የሆነ ኤሌክትሪክ ያለበት ብረት በቀዳዳው ውስጥ አፍጥጦ ይቀራል፤ የወደቀ ካቻቢቴ ከትጥቁ ጋር ቢያገናኘውና ትጥቁም በተጎዳ ሽቦ ኔጋቲቭ ነክቶ ቢሆን ኮንታክቱ ከሺህ አምፔር በላይ ሊጎትት ይችላል። ክዳኑ የሚያስፈልገውም ለዚህ ጭምር ነው። ከውጊያ በኋላ ወለሉ በብረት ቁርጥራጭ የተሞላ ነው፤ ከእነዚያ አንዷ ወደ ሶኬቱ ገብታ ሁለቱን ዓይኖች ብታገናኝ ሊንክ ሳይሰካ ሮቦቱ ይነሳል።

ሊንክ የማይሠራውንም ማወቅ ያስፈልጋል። የሚዞርን ምላጭ አያቆምም፤ የተጠራቀመው ጉልበት በብረቱ ውስጥ ነው እንጂ በሽቦው ውስጥ አይደለም። እንዲያውም ምላጩ በራሱ ግፊት እየዞረ ሳለ ሞተሩ እንደ ጀነሬተር ሆኖ መቆጣጠሪያውን ሊመግብ ይችላል፤ ሊንኩ ተነቅሎም መብራቷ ለአፍታ የምትበራው በዚህ ነው። የማገጃው ብረት ከሊንኩ ጋር አብሮ መታሰብ ያለበት ለዚህ ነው፤ ከአንድ ወገን፣ ሰውየው ሳይዞር፣ ሁለቱንም መድረስ እንዲችል። ሮቦቱ ለውጊያ ሲዘጋጅም ማገጃው የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሪሞቱ በርቶ፣ ሊንኩ ተሰክቶ፣ ሌላው ሰው ሁሉ ወጥቶ ካለቀ በኋላ። የተወጋ የሊቲየም ባትሪንም ሊንክ አያድነውም። ቃጠሎው በሴሉ ውስጥ ያለ ኬሚካዊ ሂደት ነው፤ ጭሱም ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የሚባለውን መርዝ ስለሚይዝ የሚጤስ ሮቦት ላይ ጎንበስ ብሎ ሊንክ መፈለግ ስሕተት ነው። ያን ጊዜ ሥራው የአየር ማስወጫውና የእሳት መከላከያ ቡድኑ ነው።

ይህ ሁሉ ከሩቅ አገር ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ የአዲስ አበባ ጋራዦች የሚያውቁት ሥራ እየተለወጠ ነው። ብዙ የኤሌክትሪክና የሃይብሪድ መኪኖች ትልቁን ባትሪ ለመክፈል የሚነቀል መሰኪያ አላቸው፤ በቶዮታ ፕሪየስ ላይ እጀታው ብርቱካናማ ነው። ሐሳቡ አንድ ነው፤ የባትሪው ሰንሰለት በዓይን በሚታይ ሁኔታ ይቆረጥ፣ የተነቀለውም መካኒኩ ዘንድ ይቀመጥ። ልዩነቱ የጉልበቱ መጠን ነው። በሮቦቱ ላይ 25 ቮልት የነበረው በመኪናው ላይ ከ300 በላይ ሊሆን ይችላል፤ እስከ 1,000 ቮልት የሚከላከል ጓንት ያስፈልጋል፤ መሰኪያው ከወጣ በኋላም ካፓሲተሮቹ እስኪራገፉ አምራቹ ያዘዘውን ያህል ደቂቃ መጠበቅና በመለኪያ ማረጋገጥ ግድ ነው። መሰኪያው መኪናው ውስጥ የት እንደተቀመጠ ሳያውቅ ቦኔት የሚከፍት ሰው እንዳይኖር እመኛለሁ። መኪናውን የነደፈው መሐንዲስም ሆነ ሮቦቱን የሠራው ወጣት የጠየቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ እጅ የሚገባው በየት በኩል ነው?

በእኔ እምነት ተዋጊ ሮቦት መነደፍ ያለበት ከሊንኩ ተነስቶ ወደ ውጭ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ምላጩ ይሳላል፣ ሞተሩ ይመረጣል፣ ባትሪው ይጠቀጠቃል፣ ትጥቁ ይቆረጣል፤ የቴክኒክ ፍተሻው ዋዜማ ላይ ሊንኩ የተረፈች ጥግ ይፈለግለታል። የተረፈው ጥግ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጎማው አጠገብ ወይም ምላጩ ሥር ነው፤ ሌላ ነገር ስላልፈለገው ነው የተረፈው። ሊንኩ ወድቆ የተሸነፈ ሮቦት ጠረጴዛው ላይ ተጠግኖ ለሚቀጥለው ዙር ይደርሳል፤ የተጎዳ እጅ ግን እንዲህ አይጠገንም። ስለዚህ ሁለቱ ፍላጎቶች ሲጋጩ፣ ጥርጣሬ ሲኖር፣ ቦታው ለእጅ ይሰጥ።

ፍተሻው ላይ ፈታሹ ሮቦቱን ቀጥ ብሎ ሲቆምና ተገልብጦ ያየዋል፤ ሊንኩ እንዲነቀል ያዛል፣ መብራቷ መጥፋቷን ያያል፣ እጁ ያለፈበትን መንገድ ከምላጩ ጋር ያስተያያል። ከዚያ በፊት ግን ሠሪው ቤቱ ውስጥ ራሱን መፈተን ይችላል። ባትሪው ወጥቶ፣ ምላጩ ታስሮ፣ በውድድሩ ቀን የሚለብሰውን ወፍራም ጓንት አድርጎ፣ ሮቦቱ በጀርባው ተጥሎ፣ ክዳኑም በናስትሮ ተዘግቶ ይሞክረው። ከዚያ ማሽኑን ያልሠራው የቡድኑ አባል ይሞክር፤ ሜዳ ውስጥ የሚገባው እሱ ሊሆን ይችላልና። ጣቱ ከተደናገረ፣ አንዴም ወደ ምላጩ በኩል ከተደገፈ፣ ትጥቁ ይፈታና ወደ መቁረጫው ይመለሳል።